ያልተበጠሰው ቺንጋ

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ አብዛኞቻችን የምንነዳው መኪና ከእኛ በፊት ሌላ ሰው ሲነዳው የቆየ ነው። ከአጎት የተላለፈ ይሆናል፣ ከጎረቤት የተገዛ ይሆናል፣ ወይም ታላቅ ወንድም ሥራ ይዞ አዲስ ሲገዛ ለታናሹ የተወው ይሆናል። መኪናውን ስንረከብ ቁልፉንና ታይትሉን እንቀበላለን፤ ጎማውን በእግራችን መታ መታ እናደርጋለን፤ ኤሲው መሥራቱን እናያለን። "ታይሚንግ ቤልቱ መቼ ነው የተቀየረው?" ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በ2024 የበጋ ወራት እኛ ቤት ይህ ጥያቄ ለሦስት ሳምንት ያህል እራት ላይ ከአገር ቤት ፖለቲካ በላይ አከራክሮናል። ብዙዎቻችሁም አንድ ቀን የምትገቡበት ክርክር ስለሆነ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ሞተር ውስጥ ተራቸውን ጠብቀው አብረው መሄድ ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ከፒስተኖቹ ጋር የተያያዘው ክራንክ ሻፍት ነው። ሌላው ቫልቮቹን በየተራቸው የሚከፍተው ካም ሻፍት ነው። ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካሙ አንድ ጊዜ ይዞራል። መኪናው ሀይዌይ ላይ በደቂቃ 2,000 ዙር እየሠራ ሲሄድ እያንዳንዱ ቫልቭ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል ማለት ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ሁለቱን አስተሳስሮ ተራ እንዳይሳሳቱ የሚያደርጋቸው ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። የአገር ቤት መካኒኮች ቺንጋ ይሉታል።

ይህ ጥርስ ያለው ቀበቶ መጀመሪያ የተሠራው ለመኪና አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተፈለሰፈው ለሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ የላዩ መርፌና የታቹ ክር እኩል እንዲሄዱ። በ1962 የጀርመኑ ግላስ 1004 ይህን ቀበቶ ይዞ በብዛት የተመረተ የመጀመሪያው መኪና ሆነ። በ1966 ደግሞ ፊያት በ124 ስፖርት ላይ ተጠቀመበት። ከሰንሰለት ይልቅ ቀላልና ርካሽ ነው፣ ድምፅም የለውም፤ ለዚህ ተወደደ።

ችግሩ የሚመጣውም ከዚያው ነው፤ ድምፅ የለውም። የፍሬን ሸራ ሲያልቅ ያፏጫል። ባትሪ ሲደክም ጠዋት ያንገራግራል። ሰንሰለት ሲላላ ይንኳኳል። ቺንጋ ግን ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይል ይሠራል፣ ይሠራል፣ ከዚያ አንድ ቀን ይበጠሳል።

ሲበጠስ የሚሆነው እንደ ሞተሩ አሠራር ይለያያል። በአንዳንዱ ሞተር ቫልቩ ምንም ያህል ቢከፈት ፒስተኑ አይደርስበትም፤ መኪናው ይቆማል፣ ይጎተታል፣ አዲስ ቺንጋ ይገባለታል፣ አበቃ። በሌላው ግን ቫልቩና ፒስተኑ አንዱን ቦታ በየተራ ነው የሚጠቀሙበት። ተራው ሲጠፋ ፒስተኑ ወጥቶ ክፍት የቀረውን ቫልቭ ይመታዋል። ቫልቩ ይጣመማል፣ አንዳንዴም ፒስተኑ ራሱ ይጎዳል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የቀበቶ መሆኑ ይቀርና ቴስታታ ይወርዳል።

የእኛ መኪና ከሁለተኛው ዓይነት ነው። የ2011 ሆንዳ ኦዲሲ ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር። በ2019 ከአንድ ዘመድ ገዛነው። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እናቴ የምትሠራው አሌክሳንድሪያ፣ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። የጠዋት ሺፍት ስላላት ገና ሳይነጋ ትነሳለች። ዋና ከተማዋን እንደ መቀነት በከበባት ቤልትዌይ ላይ ገብታ በዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ፖቶማክን ትሻገራለች። ድልድዩ ላይ መኪና ቢቆምባት በጨለማ፣ በጭነት መኪኖች መሃል ነው። እኔን ያሳሰበኝ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ነበር።

በዚያ ጊዜ መኪናው 97,000 ማይል አልፏል። ለዚህ ሞተር በተለምዶ የሚሰጠው ቀጠሮ 105,000 ማይል ወይም 7 ዓመት ነው፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው። ማይሉ ገና ቢሆንም ዓመቱ ግን ካለፈ ቆይቷል፤ 13 ዓመት ሞልቶታል። ጎማ ደግሞ ቢሄድም ባይሄድም ያረጃል፤ ሙቀትና ጊዜ ያደርቁታል። ከሸጠልን ዘመዳችን የተቀበልነው ደረሰኝ የለም። ብጠይቀው "የተቀየረ ይመስለኛል" አለኝ። "ይመስለኛል" ቀን የለውም፣ ማይልም የለውም።

ይህን ሳነሳ አባቴ ሳቀ። አባዬ ዲሲ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቷል። "መኪና ሳይናገር አይቆምም" አለኝ። "ጆሮ ላለው ሰው ሁሉንም ቀድሞ ይነግረዋል። ሳያመው ቀዶ ሕክምና የሚገባ ሰው ደግሞ አይቼ አላውቅም።"

ይህን አነጋገሩን ቀላል አድርጌ አላየሁትም፤ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ልምድ ነው። ግን አባዬ ለዓመታት የነዳው ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ነው። ያ ባለ 4.6 ሊትር ሞተር የሚሠራው በሰንሰለት ነው። የጆሮው ትምህርት ለዚያ መኪና ትክክል ነበር። ወደ ኦዲሲው ሲመጣ ግን የሚሰማው ነገር የለም። ይህን ስነግረው ትንሽ ዝም ብሎ "እሱስ ልክ ነሽ፤ ግን ገንዘቡ ከየት ይመጣል?" አለኝ። እውነተኛው ጥያቄ ይሄ ነበር።

ገንዘቡ ነበር፤ ግን ሥራ ተሰጥቶት ነበር። በግንቦት የእናቴ እቁብ ወጥቶላት ነበር። ከፊሉ አያቴ የዓይን ሞራዋን እንድትገፈፍ ወደ ደሴ የሚላክ ነው። ቀሪው እኔ በበጋው ሁለት ኮርስ የምወስድበት ነው። ሁለቱን ብጨርስ በዓመቱ መጨረሻ ወደ ዩኒቨርሲቲ እሻገራለሁ። ለጥገና የጠየቅነው አንዱ ቦታ 1,350 ዶላር አለን። ሁለተኛው፣ አሌክሳንድሪያ ያለ የኢትዮጵያዊ ጋራዥ፣ እቃውንም ሥራውንም ጨምሮ 780 ዶላር አለን። 780 ዶላርም ቢሆን ላልተበላሸ ነገር ከባድ ነው።

የአያቴን ዓይን ማንም አልነካም። የቀረው የእኔ ኮርስ ነው።

በዚያው ሰሞን የእናቴ አንዲት የሥራ ባልደረባ ላይ የደረሰው ነገር ነው ክርክሩን ያዘነበለው። እሷም አሮጌ ሚኒቫን ነበራት። ሀይዌይ 395 ላይ እየሄደች ሞተሩ ድንገት ጠፋ። በእግዚአብሔር ቸርነት ወደ ዳር ደረሰች። ጋራዥ ሲከፈት ቺንጋው ተበጥሷል፣ ቫልቮቹ ተጣመዋል። ማሠሪያው ከመኪናው ዋጋ በለጠና ለብረት ገዢ በጥቂት መቶ ዶላር ሸጠችው። ጉዳቱ ግን እዚያ አላበቃም። የቅዳሜና የእሁድ ሺፍት ክፍያው ከፍ ያለ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ባቡሩ ዘግይቶ ነው የሚጀምረው፣ አውቶቡሱም በየስንት ጊዜው ነው። ያንን ሺፍት ተወችው። ወደ አገር ቤት ትልከው የነበረው ከዚያ ነበር። አንድ የጎማ ቀበቶ ሲበጠስ ሌላ አገር ያለ ሰው ኪስ ይደርሳል ለካ።

እናቴ ይህን ከነገረችን በኋላ አባዬ ሁለተኛ አልተከራከረም። "ሳይቃጠል በቅጠል" አለና ስልኩን አንስቶ ለጋራዡ ደወለ።

ብዙ ሰው የሚመካበት አንድ ነገር ስላለ እዚህ ላይ ልንካው፤ ኢንስፔክሽን ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና በየዓመቱ የደህንነት ምርመራ ያልፋል፤ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ምልክት የእኛን አገር ቦሎ ያስታውሳል። ሜሪላንድ ደግሞ የደህንነት ምርመራውን የሚጠይቀው መኪናው ባለቤት ሲቀይር ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለ። እነዚህ ምርመራዎች ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ መብራቱን፣ ጭሱን ያያሉ። ቺንጋው ግን በክዳን ተሸፍኖ ሞተሩ ጎን ተቀምጧል፤ ከፍቶ የሚያየው የለም። ትናንት ኢንስፔክሽን ያለፈ መኪና ዛሬ ቺንጋው ሊበጠስ ይችላል።

መኪናው ራሱ የሚያስታውስበት መንገድ አለ፤ እሱም ግን ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። እንደ እኛው ባሉ ሆንዳዎች ላይ የዘይት መቀየሪያ ጊዜ ሲደርስ ከሚወጡት ምልክቶች መካከል "4" ቁጥር ካለች ታይሚንግ ቤልትን ትጨምራለች። ዘይት የቀየረው ሰው ምልክቱን ካጠፋውና ካልነገራችሁ ግን ቁጥሯም አብራ ትጠፋለች። አገር ቤት ላንድ ክሩዘርና ሃይሉክስ የነዱ ሰዎች ደግሞ የድሮ የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ የምትበራውን "ቲ-ቤልት" የምትል መብራት ያስታውሷታል። ብዙውን ጊዜ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ትበራለች። ሁለቱም ቺንጋውን አያዩትም፤ መንገድ ብቻ ይቆጥራሉ። ተቀይሮም ቢሆን ካልተስተካከለች መብራቷ ትበራለች፤ ሳይቀየርም አንድ ሰው ካስተካከላት ትጠፋለች።

በሐምሌ አንድ ቅዳሜ መኪናውን አሌክሳንድሪያ ወሰድነው። ጋራዡን የሚሠራው ሰው ሙያውን የተማረው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ነው። "ከመስመሩ ወዲህ ሆነሽ እይ፣ ልጄ" አለኝና ሥራውን ጀመረ። ሲሠራ የሚናገረው አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ኮፈኖ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ። ቺንጋም ከዚያው የመጣ ቃል ነው። እኔ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ የተማርኩትን እሱ በጣሊያንኛ ይነግረኛል፤ አባዬ መሃል ላይ ሆኖ ያስተረጉማል።

ከሁሉ አስቸጋሪው የክራንኩን ቡሎን መፍታት ነው። በእነዚህ ሆንዳዎች ላይ እጅግ የጠበቀ ነው፤ ፑሊውን የሚይዝ የተለየ መሣሪያ ካልገባ አይላቀቅም። ከተፈታ በኋላ ክዳኑ ተነሣ። መካኒኩ የሁለቱን ካሞችና የክራንኩን ምልክቶች ከየቦታቸው ጋር ካገጣጠመ በኋላ አሮጌውን ቺንጋ አወጣ። ከቺንጋው ጋር የውሃ ፓምፑን፣ ማጥበቂያውንና ተሽከርካሪ ኩሽኔታዎቹን አብሮ ቀየራቸው። ይህ ትርፍ ሥራ አይደለም። የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ያው ቺንጋ ነው፤ ፓምፑ ወይም ማጥበቂያው ቢነክስ አዲሱን ቺንጋ ይዞ ይሄዳል። እጅ ዋጋውም ያው ነው፤ አንዴ ተከፍቷልና። አዲሱን ካስገባ በኋላ ቁልፉን ወዲያው አልነካም። ሞተሩን በእጁ ደጋግሞ አዞረው፣ ምልክቶቹ መልሰው መግጠማቸውን አየ፣ ከዚያ ነው ያስነሣው።

አሮጌውን ቺንጋ አባዬ ተቀበለው። በብርሃን በኩል ይዞ ገለበጠው፣ አጠፍ አደረገው። ጥርሶቹ ሙሉ ናቸው። ስንጥቅ የለም። ጀርባው ትንሽ ከማብረቅረቁ በስተቀር ገና ዓመት የሚሄድ ይመስላል።

"ይኸው፤ ምን ሆነ?" አለ አባዬ።

"ምንም አልሆነም፣ ወንድሜ" አለው መካኒኩ። "ምንም ሳይሆን ማውጣቱ ነው ሥራው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን መልስ አስበዋለሁ። ቺንጋው ተሰነጣጥቆ ቢወጣ ኖሮ ሁላችንም ደስ ይለን ነበር፤ 780 ዶላሩ የት እንደገባ በዓይናችን እናየው ነበር። ጤነኛ ሆኖ ሲወጣ ግን ገንዘቡ የጠፋ ይመስላል። አስቀድሞ የሚሠራ ሥራ ሁሉ ችግሩ ይሄ ነው። የተበጠሰ ነገር ደረሰኝ አለው፣ ፎቶ አለው፣ ወሬ አለው። ያልተበጠሰ ነገር ምስክር የለውም። ባይቀየር ኖሮ የቱ ቀን፣ የቱ ድልድይ ላይ ይበጠስ እንደነበር፣ ወይም ጭራሽ ሳይበጠስ መኪናው ያረጅ እንደነበር ማንም ሊነግረን አይችልም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለተበጠሰ ነገር ጎበዞች ነን። ሰው ሲታመም፣ ሲሞት፣ አደጋ ሲደርስበት በአንድ ሌሊት እናዋጣለን፤ ምግብ ተሸክመን እንሄዳለን፤ እድሩም ቤተ ዘመዱም ይደርሳል። ይህ የሚያኮራ ነገር ነው። ላልተበጠሰው ግን አናዋጣም። የእናቴ ባልደረባ መኪናዋ ከሞተ በኋላ የሥራ ጓደኞቿ ገንዘብ ሰብስበውላታል፤ እናቴም ሰጥታለች። የተሰበሰበው ቺንጋውን በጊዜው ለማስቀየር ይበቃ ነበር። ያኔ ግን ማን ይጠይቃል? "ምንም ያልሆነ መኪና አለኝ፤ እርዱኝ" ብሎ የሚለምን የለም፤ ቢለምንም የሚሰማው የለም። ስለዚህ ሁሉም ለብቻው፣ በጭለማ፣ በእራት ጠረጴዛ ላይ ይወስናል። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የምንለው ውሻው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። ጅቡ ሳይመጣ የሚጮህ ውሻን ዝም በል የሚሉት ሰዎችም አሉበት።

ወጪው በእኔ በኩል እንዲህ ሆነ። በበጋው አንዱን ኮርስ ብቻ ወሰድኩ። ሁለተኛው ለሌላ ኮርስ መግቢያ ስለነበር ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገሬ በአንድ ሴሚስተር ዘገየ። ከእኔ ጋር የጀመሩ ጓደኞቼ ቀድመውኝ ሲሄዱ አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። እማዬ በአፏ ምንም አላለችም፤ ግን ያንን ሴሚስተር ሙሉ ጠዋት ወጥታ ስትሄድ ምሳዬን ሠርታ ትታልኝ ነው። ክፍያው ከማን እንደወጣ ታውቃለች።

አሁን ወደ እናንተ መኪና ልምጣ። በመጀመሪያ ሞተራችሁ ቺንጋ ነው ወይስ ሰንሰለት የሚለውን እወቁ። በእኛ ግቢ ፓርኪንግ ከሚታዩት መካከል ቶዮታ ኮሮላ ከ1998 ጀምሮ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ካምሪ ከ2002 ጀምሮ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ሆንዳ አኮርድ ከ2003 ጀምሮ፣ ሲቪክ ከ2006 ጀምሮ በሰንሰለት ነው የሚሠሩት። ሰንሰለት በቀጠሮ አይቀየርም፤ ዘይቱን ግን በጊዜው መቀየር አለባችሁ። የ2001 እስከ 2005 ሲቪክ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር አኮርድ እስከ 2017፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሳይና እስከ 2006፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሃይላንደር እስከ 2007 ደግሞ ቺንጋ ናቸው። እንደ እኛው ያለ ኦዲሲ፣ እንዲሁም ከዚያው ዘመን የሆነ ፓይለት የያዛችሁም እዚህ ውስጥ ናችሁ። የናንተ እዚህ ከሌለ የመኪናውን መጽሐፍ ተመልከቱ፤ ማይሉንም ዓመቱንም ይነግራችኋል።

ሁለተኛ፣ ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩት። መኪና ስትገዙ ከዋጋው ላይ ይህን አንሥታችሁ ተከራከሩ፤ ሻጩ ዘመድ ቢሆንም። ሦስተኛ፣ ቢያንስ ሁለት ቦታ ዋጋ ጠይቁ፤ ስትጠይቁም የውሃ ፓምፑና ማጥበቂያው አብረው መቆጠራቸውን አረጋግጡ፤ ርካሽ የሚመስለው ዋጋ አንዳንዴ ቀበቶውን ብቻ ነው። አራተኛ፣ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ማውጣት ከባድ ከሆነ ከወዲሁ በየወሩ አስቀምጡ። በወር 33 ዶላር በሁለት ዓመት ከ780 በላይ ይሆናል። ቀጠሮው የሚታወቅ ወጪ ድንገተኛ ወጪ መሆን የለበትም።

አምስተኛ፣ ጻፉት። አባዬ አሁንም "ባይቀየርም ይሄድ ነበር" ይላል፤ ሊሆን ይችላል፣ አልከራከረውም። ግን ከጋራዡ ስንወጣ እስክሪብቶ ከእኔ ተቀብሎ በራሱ እጅ ጽሕፈት አንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ከሬጅስትሬሽኑ ጋር አስቀመጠው፦ "ቺንጋ፣ ፖምፓ፣ ሐምሌ 2016፣ 97,612 ማይል። ቀጣይ ሐምሌ 2023።" መኪናውን አንድ ቀን የሚገዛን ሰው ቀጠሮው አልፎበታል ብሎ እንዳይደነግጥ ከሥሩ በፈረንጆቹ "2031" ብዬ ጨመርኩበት።